«ያ ሰውዬ ጻፈልሽ?» ከባህር ዳር ሆኖ የኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ መልስ አጠባበቅ

እናቴ ማመልከቻዬን ካስገባሁበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ያ ሰውዬ ጻፈልሽ?» ሰውዬው ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ለኒውሮሳይንስ (የአእምሮና የነርቭ ጥናት) ፒኤችዲ ያመለከትኩት አሥራ አንድ ቦታ ነው። በእሷ ቤት ግን ሁሉም አንድ ሰውዬ ናቸው፤ አሜሪካ ቁጭ ብሎ ለልጇ ሁለት መስመር መጻፍ የከበደው ሰውዬ።

ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. ዘጠኝ ፕሮግራም፣ ዜሮ ኢንተርቪው። በ2017 አሥራ አንድ ፕሮግራም፣ ሦስት ኢንተርቪው። ስቴትመንት (ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ስለራስ የሚጻፍ ጽሑፍ) እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፕሮፌሰር እንዴት እንደሚፈለግ የሚናገር ሞልቷል። «ሰብሚት» የምትለው የማስገቢያ ቁልፍ ከተጫነች በኋላ ስላሉት አራት ወር ተኩል ግን ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገራችሁ። የሞባይል ዳታ እዚህ ለወራት የጠፋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ጣና ዳር አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ማኪያቶ ለሦስት ሰዓት አቆይቼ፣ ኢሜይሌን አድሳለሁ። አስተናጋጁ መጨረሻ ላይ ምን ልታዘዝ ማለት ተወ። የሚገርመው ግን ማታ መውጣት ስለማይመች የምሄደው ጠዋት ወይም ከሰዓት ነበር፤ ማለትም አሜሪካ ውስጥ አንድ ነፍስ ቢሮ በማይገኝበት ሰዓት። ያንን ያወቅኩት በሁለተኛው ዓመት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ

ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ባልቲሞር በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሲወጡ እኛ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል። ካሊፎርኒያ 11 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እዚያ ሥራ የሚጀመረው እኛ ምሽት 2 ሰዓት ስንል፣ የሚያልቀው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ። በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይቀንሳል።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ኢሜይል መክፈት ባዶ ቢሮ ማንኳኳት ነው። ሰውዬው ወይ እራቱን እየበላ ነው ወይ ተኝቷል። ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ፤ ቅዳሜ ከነጋ በኋላ እስከ ሰኞ 11 ሰዓት ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ብትቆልፉት የሚያመልጣችሁ የለም ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ እሁድ የሚጽፍ ፕሮፌሰር አይጠፋም፣ እሱም ቢሆን ሰኞ ብትመልሱለት አይቀየምም። የኢንተርቪው ጥሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ በቂ ነው።

የእኔ ሕግ በሁለተኛው ዓመት ይሄ ነበር፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊቱን የመጣ ካለ ለማየት፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዴ። በቃ። መሀል ያለው ቀን የእኔ ነው።

ወቅቱንም በዚሁ እንጨርስ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኒውሮሳይንስ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት ዲሴምበር 1 ወይም እዚያው አካባቢ ነው፣ በእኛ ህዳር 22። በ2016 ግን ከዚያ በፊት የነበረችው የ2015 ጳጉሜ 6 ሆና ስላለፈች በአንድ ቀን ተዛንፎ ልክ ህዳር ጽዮን ላይ ዋለ፤ ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶት እኔ ጓዳ ተቀምጬ ትራንስክሪፕት እሰቅላለሁ። የኢንተርቪው ጥሪ ፈጠን ያሉት በዲሴምበር አጋማሽ ይልካሉ፤ ትልቁ ማዕበል ግን የሚመጣው ከእነሱ አዲስ ዓመት በኋላ በጃንዋሪ ነው። ኢንተርቪውው ራሱ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ይደረጋል፣ እስከ ማርች መጀመሪያ የሚዘልቅም አለ። ከኢንተርቪው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 2 ግን ምንም አትጠብቁ፣ ቢሮው ዝግ ነው። በፈረንጆች ገና ዕለት «ዛሬም አልጻፉልኝም» ብዬ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ከልምድ ነው የምናገረው።

የስልኩ ድምፅ

ሰዓቱን እያወቅን ታዲያ እጃችን ለምን ወደ ስልኩ ይሄዳል? መልሱ ልንማረው የምንለምነው ትምህርት ውስጥ ነው፣ ይሄ ሁሌ ያስቀኛል። ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ የጦጣዎችን የዶፓሚን ነርቭ ሴሎች (ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚለቁትን) ሲያደምጥ ያገኘው ነገር አለ፤ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ በትምህርታችን ውስጥ በጣም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ጦጣዋ ሳትጠብቅ ጭማቂ ስታገኝ ሴሎቹ ይተኩሳሉ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካሉ። ከጭማቂው በፊት ምልክት እየተሰጣት ከለመደች በኋላ ግን የሚተኩሱት ለጭማቂው አይደለም፣ ለምልክቱ ነው። ምልክቱ መጥቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ ልክ ጭማቂው ይመጣበት በነበረው ቅጽበት ጸጥ ይላሉ።

የእኛ ምልክት የስልኩ «ቲንግ» ነው። ቲንግ ሲል ልብ ይዘላል፣ ሲከፈት የጫማ ቅናሽ። እምቦጭ ጣናን እንደወረረው ማስታወቂያ ሳጥናችሁን ወሮታል፣ እናንተ ደግሞ ቅጠል በተነቃነቀ ቁጥር ዓሣ የመጣ ይመስላችኋል።

ስለዚህ ጂሜይል ውስጥ ፊልተር (ማጣሪያ) ሥሩ። በዶት ኢዲዩ ከሚያልቅ አድራሻ፣ ማለትም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚመጣ ሁሉ የራሱ ሌብል (መለያ) ይኑረው፣ ወደ ስፓም እንዳይሄድ የሚያደርገውን ምርጫም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ዝጉ፤ ለዚያ ሌብል ብቻ ድምፅ ስጡ። ስፓሙን ግን በቀን አንዴ ገባ ብላችሁ እዩ፣ ጂሜይል ስፓም ውስጥ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ጥሪ ከፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ከአንድ ፕሮፌሰር ይመጣል፣ ርዕሱም ጥሪ ላይመስል ይችላል። ፖርታሉ (ማመልከቻውን ያስገባችሁበት ድረ ገጽ) ላይ ውጤት ሲወጣ ደግሞ ኢሜይሉ ብዙ ጊዜ «ማመልከቻዎ ላይ አዲስ ነገር አለ» ብቻ ነው የሚለው፤ ገብታችሁ ነው የምታዩት። የይለፍ ቃላችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ አንዱን ረስቼ፣ ማስተካከያው ኢሜይል እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ፣ የክፍሉን ወለል ስንት ጊዜ እንደዞርኩት ወለሉ ይናገር።

ለዝምታው ቀን ቁረጡለት

እ.ኤ.አ. በ2016 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣ አንድ ጥናት አለ። 45 ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እየገለጡ ሥሩ እባብ አለ ወይስ የለም ብለው ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኛቸዋል። ጭንቀታቸው በላባቸውና በዓይናቸው ብሌን ተለካ። ከሁሉ የበረታው ንዝረቱ መምጣቱ እርግጥ ሲሆን አልነበረም፤ ይምጣ አይምጣ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው።

አሥራ አንድ ፕሮግራም አሥራ አንድ ድንጋይ ነው። «አልተቀበልንሽም» የሚል ደብዳቤ አንድ ማታ ያስለቅሳል፣ በማግስቱ እንጀራ ይበላል። የሚበላን ያልተገለጠው ድንጋይ ነው። እና ብዙ ፕሮግራም ድንጋዩን ቶሎ አይገልጥም፤ መደበኛው የ«አዝናለሁ» ደብዳቤ ማርች ላይ፣ እንዲያውም ከኤፕሪል 15 በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ራሳችሁ ግለጡት። ደብተር ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ መስመር። ብዙዎቹ የኢንተርቪው ቀናቸውን ቀደም ብለው ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ያንን ቀን ጻፉ። የአሜሪካ ኒውሮሳይንስ ፕሮግራም ያለ ኢንተርቪው ሰው መቀበሉ ብርቅ ነው። ስለዚህ ቀኑ ጥሪ ሳይደርሳችሁ ካለፈ ያ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝ። ቀን ላላወጡት እኔ የካቲት 3ን ቆረጥኩላቸው። ለምን የካቲት 3? ያን ያህል ምክንያት የለኝም፣ ፌብሩዋሪ 10 ነው፣ ትልቁ ማዕበል ያኔ አልፏል። ዋናው ቀኑን እናንተ መቁረጣችሁ ነው። ተሳስታችሁ ዘግይቶ ቢመጣ እሰየው፣ የተሰረዘ መስመር ላይ መልሶ መጻፍ ይቻላል።

ሲሰረዝ ደግሞ ወዲያው ራሳችሁን አትክሰሱ። የእኛ ሰው ዝም ከተባለ «ማርኬ አንሶ ነው» ይላል። ላይሆን ይችላል። ብዙ የኒውሮሳይንስ ፕሮግራሞች ተማሪ ከሚደግፉባቸው ገንዘቦች አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሰጡት ቲ32 የሚባል የሥልጠና ድጋፍ ነው፤ እሱ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ለውጭ ሰው የሚቀረው ወንበር ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከዘጠኙ ስንቱ የውጭ ተማሪ በደህና ቁጥር እንደሚወስድ አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከማመልከቴ በፊት ለኮኦርዲኔተሮቹ (የፕሮግራሙን ጉዳይ ለሚከታተሉት) አንድ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ መልሳቸው ቀዝቀዝ ያለውን አራቱን ከዝርዝሬ አወጣሁ። የማመልከቻ ክፍያ ይቀር እንደሆነም በዚያው ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ነጻ የሚያደርጉበት መንገድ አለ።

ጥሪው ከመጣ

ከመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉት። የአንድ ጓደኛዬን ላውራ፣ ስሙን አልጠራም፣ እስካሁን ይሸማቀቃል። የስልኩ ካላንደር 6:00 ብሎ አሳየው። የፈረንጅ ማታ 6:00 ነው፣ የእኛ 12 ሰዓት። እሱ ግን «ስድስት ሰዓት» ብሎ ለሌሊቱ ተዘጋጀ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ እራቱን በልቶ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ፊቱን ታጥቦ ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ! ደግነቱ በሐቀኝነት ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላ ቀን ሰጡት። እናንተ ከሰዓቱ አጠገብ «ፀሐይ ስትጠልቅ» ወይም «ከእራት በኋላ» ብላችሁ ጨምሩበት። ያኔ ስሕተት የለም።

ኢንተርቪውው የሚሆነው እኛ ጋ ከ11 ሰዓት እስከ ሌሊት ነው። መብራት የሚሄድበት፣ ባጃጅ የሚጠፋበት ሰዓት። ጀነሬተር ያለበት ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ሂዱና ዙም ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ላፕቶፑ ጢም ብሎ ቻርጅ ይደረግ፣ ዋይፋዩ ቢጠፋ ስልካችሁ ላይ ፓኬጅ ይኑር። ለኮኦርዲኔተሯም አስቀድማችሁ ጻፉላት፦ «የምኖርበት ከተማ መብራት አልፎ አልፎ ይቋረጣል፣ ከጠፋሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በስልክ እመለሳለሁ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው።» ይሄን መጻፍ ልመና አይደለም፣ እንዲያውም የሚያስብ ሰው ያስመስላችኋል። እኔ አክስቴ ፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አካባቢ ስለምትኖር በኢንተርቪው ሌሊቶች እሷ ጋ አደርኩ፣ የአንድ ባልደረባዬን ቢሮ ተውሼ።

ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ፕሮፌሰር ያናግራችኋል፣ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። አንዱን ሳናግር ከቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ማሕሌት ገባ። ይቅርታ ልል ስል «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። ለካ የወፍ ዜማ አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚቀረጽ የሚያጠና ሰው ነው። ደብተራ ዜማ ስንት ዓመት እንደሚማር፣ እንዴት በቃል እንደሚያዝ ስነግረው ከሠላሳው ደቂቃ አሥሩ አለቀ። ያ ኢንተርቪው ነው ከሦስቱ የተሻለ የሄደው። ይሄንን ማዘጋጀት አይቻልም፣ ግን ከየት እንደመጣችሁ ስትጠየቁ ለማሳጠር አትቸኩሉ።

ማዘጋጀት የሚቻለው የራሳችሁን ሥራ የሁለት ደቂቃ ወሬ ነው። የማስተርስ ሥራዬ ለሚጥል በሽታ በባህል የሚሰጥ አንድ ቅጠል በአይጦች ላይ መሞከር ነበር። አክስቴን አስቀምጬ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «ታዲያ አይጧ ዳነች?» አለችኝ። እኔ ስለ ማሟሚያና ስለ መጠን ሳወራ ዳነች ወይስ አልዳነችም አልነገርኳትም! ወሬውን ገልብጬ ከዚያ ጀመርኩ። ፕሮፌሰሮቹም የጠየቁኝ በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ነው፦ ከምን ጋር አነጻጸርሽው፣ ስንት አይጥ ነበር፣ ለምን ያን ያህል፣ መድኃኒቱን የሰጠው ሰው የትኛዋ አይጥ የቱን እንደወሰደች ያውቅ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ካልተዘጋጃችሁበት ላብ ያመጣል። እኔን አላበኝ። «ያውቅ ነበር፣ ድክመት ነው፣ ድጋሚ ብሠራው እንዲህ አደርጋለሁ» አልኩ፣ ሰውየው ራሱን ነቀነቀና አለፈ። የሌላችሁን አታስመስሉ።

ስለ ውድቀት መጠየቃችሁም አይቀርም። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘር ውስጥ የነበረ የሦስት ወር ናሙና የተበላሸባችሁ ካላችሁ ያንን ንገሯቸው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ግን ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ፕሮፌሰር አንድ ጽሑፍ ብቻ፣ እሱንም ስዕሎቹን በደንብ አይታችሁ ግቡ። በኋላ አንድ አጭር ምስጋና ላኩ። ውሳኔ አይቀይርም፣ ጨዋነት ነው። የፕሮግራሙ ተማሪዎች ብቻ የሚገኙበት ክፍል ካለ ግቡ፣ ኑሮው በሚከፈለው ይቻል እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። እዚያም ግን ሰው እያያችሁ ነው፣ ፕሮፌሰር አታሙ።

መቼ ይጠየቃል?

ሁለት ጊዜ ብቻ። አንደኛ፣ ኢንተርቪው አድርጋችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ዝም ከተባላችሁ። ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ ተቀብሏችሁ መልስ የምትሰጡበት ቀን ከቀረበ። የሚጻፈው ለኮኦርዲኔተሩ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ቀን ኢንተርቪው ያደረግኩ አመልካች ነኝ። ፕሮግራማችሁ አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ስለሆነ ውሳኔው መቼ ገደማ እንደሚታወቅ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ እስከ ኤፕሪል 15 መልስ ይጠብቅብኛል።» «የመጀመሪያ ምርጫዬ» የምትለውን ለአንድ ቦታ ብቻ ጻፏት፣ ፕሮፌሰሮች ይተዋወቃሉ። እኛ ለትልቅ ሰው ስንጽፍ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል፣ እዚህ እሱን ቀንሱት።

ኤፕሪል 15 የምለው ሚያዝያ 7ን ነው። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው ስምምነት አለ፤ የፈረመው ዩኒቨርሲቲ ከገንዘብ ድጋፍ ጋር ከተቀበላችሁ እስከዚያ ቀን መልስ እንድትሰጡ አያስገድዳችሁም። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ላላችሁ ሰው ያ ሳምንት ወርቅ ነው፣ ሁለት ሦስት ቦታ የያዙ ሰዎች የማይፈልጉትን የሚለቁት ያኔ ነው። እናንተም ሁለት ቦታ ካገኛችሁ የማትሄዱበትን ቶሎ ልቀቁ። ከጀርባችሁ ምናልባት ሐዋሳ ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ የሚያድስ ሰው አለ።

የእኔ እንዴት ሆነ? ከሦስቱ አንዱ «አይ» አለ። ሁለተኛው ኢንተርቪውውን አድርጎ ማርች ላይ በገንዘብ ምክንያት ዘንድሮ አዲስ ተማሪ እንደማይወስድ ጻፈልን። እ.ኤ.አ. 2025 ነበር፤ የአሜሪካ የጤና ምርምር ገንዘብ ተናውጦ የሰጡትን ቅበላ ሳይቀር የሰረዙ ፕሮግራሞች የነበሩበት ዓመት። ሦስተኛው፣ የወፎቹ ሰውዬ ያለበት፣ ተጠባባቂ አደረገኝ። ሚያዝያ 7 በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ላይ ዋለ። እናቴ ስግደት ላይ ናት፣ እኔ ደብተሬን ይዤ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አየሁ፣ የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አየሁ። ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 የተላከ ነበር።

በመጠበቁ ወራት ምን ይሠራ ለሚለው ብዙ አልልም። ፓይዘን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የማትችሉ ተማሩ። ኒውሮማች አካዳሚ የሚባል በጁላይ በኦንላይን የሚሰጥ ሥልጠና አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ክፍያውም እንደየአገሩ ይቀንሳል። አውሮፓንም አትርሱ፤ ለምሳሌ ጎቲንገን ያለው የማክስ ፕላንክ የኒውሮሳይንስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው በማስተርስ በኩል ይወስዳል፣ ማመልከቻውም የሚዘጋው በጃንዋሪ አጋማሽ ስለሆነ የአሜሪካውን ካስገባችሁ በኋላ ጊዜ አላችሁ። ጀርመን ከእኛ የምትርቀው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፣ እንቅልፍም አትነሳም። ሪኮመንደሮቻችሁን (የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉላችሁን) ደግሞ ውጤቱ ምንም ይሁን ንገሯቸው። ከወደቃችሁ በሚመጣው ዓመት ያስፈልጓችኋል።

ቤተሰብ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስንት ቦታ እንዳመለከታችሁ ለጎረቤት አትንገሩ፣ ቁጥሩን ይዘው ይቆጥሩባችኋል። እኔ ከእናቴ ጋር ተስማማሁ፦ እስከ ሚያዝያ 7 አትጠይቀኝም፣ ከመጣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ቃሏን ጠበቀች። ወንድሜን መጠየቅ ጀመረች።

መልሱ ሲመጣ የወረቀቱ ሩጫ ይጀመራል። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከሆነ የካቲት ላይ፣ ገና ምንም ሳታውቁ፣ ማሳደስ ጀምሩ። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትና ከመሥሪያ ቤት የመልቀቂያ ደብዳቤ ከምታስቡት በላይ ይቆያል። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ20 የሚባለውን ወረቀት ከላከላችሁ በኋላ የሴቪስ (አሜሪካ የውጭ ተማሪዎችን የምትመዘግብበት ሥርዓት) ክፍያና የቪዛ ቀጠሮ አለ፣ ቀጠሮው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። እኔ አሁን እዚያ ላይ ነኝ። ትናንት ማታ እራት እየበላን እናቴ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «የኤምባሲውስ ሰውዬ ጻፈልሽ?»